«አየር ጨምሩበት» ለሚሉ ወገኖቻችን



በዚህ ሰሞን በግቢያችን ውስጥ ስለ አንድ የከሸፈ መድፍ ብዙ ተወርቷል። መድፉ ባሩድም እሳትም አያውቅም። በታመቀ አየር ድንች የሚወረውር፣ ተማሮች በእጃቸው የሠሩት መሣሪያ ነው። ነገሩን ከሩቅ የሰማ ሰው ይሥቅ ይሆናል፤ ቢሥቅም አንፈርድበትም። እኛ ብዕር ያነሣንበት ምክንያት ግን ሣቅ የሚገባው አይደለም። መድፉ በከሸፈ ጊዜ በመካከላችን የታየው አስተሳሰብ ከመድፉ የባሰ የከሸፈ ሆኖ አግኝተነዋል። ከዚህም በላይ በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ድምፅ ሊሰጥበት የቀረበው ሐሳብ የሰው ዐይንና እጅ ሊያስከፍል የሚችል ነው። ይህን እያወቁ ዝም ማለት ደግሞ ከተባባሪነት አይለይም።

በጉዳዩ ላይ ሦስት ወገኖች ተነሥተዋል። የመጀመሪያው «አየር ጨምሩበት» ይላል። ሁለተኛው «ጣሉት፤ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማይገባ የሕፃን ጨዋታ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ድኻ በሚራብበት አገር ድንች መተኮስ ነውር ነው» ይላል። ለሦስቱም እንደየመጠናቸው መልስ እንሰጣለን። ብዙውን ቃላችንን የምናውለው ግን ለመጀመሪያው ወገን ነው፤ በቁጥር የሚበዛውም የሚያስፈራውም እሱ ነውና።

ለማያውቁት አንባብያን መሣሪያውን በአጭሩ እንግለጽ። ከእኛ በፊት ተመርቀው የወጡ ተማሮች ለክበባችን ትተውት የሄዱት ነው። ከኋላ አምስት ሊትር አየር የሚይዝ፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተወሰደ የፍሬን አየር ታንከር አለ። በታንከሩ ላይ የግፊት መለኪያ ተገጥሟል። ከታንከሩ ቀጥሎ ለአትክልት ማጠጫ መስመር የሚያገለግል፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ባለ 1 ኢንች ቫልቭ አለ። ከቫልቩ ቀጥሎ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ የውስጥ ስፋቱ 5 ሴንቲሜትር የሆነ የብረት ቧንቧ ይገኛል። አፈ ሙዙ በሞረድ የተሳለ ስለ ሆነ ድንቹን ሲገፉበት ዙሪያውን ቆርጦ እንደ ቡሽ ልክክ አድርጎ ያስገባዋል። አየሩ የሚሞላው ከጎሚስታ ቤት በምንዋሰው ኮምፕሬሰር ነው። ቁልፉ ሲጫን ቫልቩ ይከፈታል፤ አየሩ ይለቀቃል፤ ድንቹ ይሄዳል።

ዘንድሮ ግን መድፉ ይከሽፍ ጀመር። አንድ ጊዜ «ድው» ብሎ ድንቹን ከሜዳው ማዶ ያደርሰዋል። በሚቀጥለው ጊዜ «ሽ...» ይልና ድንቹ ከአፈ ሙዙ ወጥቶ ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ይወድቃል። በሦስተኛው ጊዜ ቁልፉ ቢጫን ቢጫን ምንም የለም። ለዓመቱ መጨረሻ ትርኢት ልምምድ በተደረገበት ቀንም በብዙ ተመልካች ፊት እንዲሁ ሆነ። ሣቁ ገና ሳይበርድ «አየር ጨምሩበት!» የሚል ጩኸት ተነሣ። 4 ባር የነበረው ግፊት ወደ 8 ባር ይውጣ ተባለ። ሌላው ቀጠለና «ታንከሩም ትንሽ ነው፤ በሰፊ የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ይለወጥ» አለ። ይኸው ጩኸት ዛሬ በጽሑፍ ተቀምጦ፣ ፊርማ ተሰብስቦበት ለጠቅላላ ስብሰባው ቀርቧል።

ለመሆኑ ሐሳቡን ካቀረቡት መካከል «መድፉ ለምን ከሸፈ?» ብሎ የጠየቀ ማን ነው? ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበብነው፤ ይህች ጥያቄ የለችበትም። አንድ ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር «መድኃኒቱን እጥፍ አድርጋችሁ ስጡት» ቢል ሐኪም አንለውም። አንድ ሾፌር መኪናው አልነሣ ሲለው ምክንያቱን ሳይፈልግ ነዳጅ ብቻ ቢጨምርበት እንታዘበዋለን። ታዲያ ፊዚክስና ሒሳብ የተማረ ወጣት ይህንኑ ሲያደርግ በጭብጨባ የሚቀበለው ስለ ምንድር ነው? አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለዋል። ያን ጊዜ ላቦራቶሪ አልነበራቸውም። እኛ ላቦራቶሪ እያለን ሥሩን ለመቆፈር ሰንፈናል።

እኛ የክበቡ አባላት ሥሩን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብን። ያደረግነውን እንዳለ እናቀርባለን፤ የሚጠራጠር ካለ መጥቶ ይድገመው።

በመጀመሪያ የተጠረጠረው አየር ማፍሰስ ነው። ቫልቩን ዘግተን ታንከሩን እስከ 4 ባር ሞላነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የመለኪያው ቀስት ዝቅ አለ። አጠገባችን ከቆሙት አንዱ «ይኸው! ያፈሳል!» አለ። ነገር ግን አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አንዲት ጠብታ እንኳ ሳያመልጠው ግፊቱ ይወርዳል። ይህን ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በፈተና ወረቀት ላይም ጽፈን ነጥብ አግኝተንበታል። ስለዚህ ታንከሩ በእጅ ሲዳሰስ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፤ ከዚያ በኋላ የቀስቱን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርገን አሳደርነው። በማግሥቱ ቀስቱ ከምልክቱ ጥቂት ወርዶ ተገኘ። እንግዲያው ትንሽ ማፍሰስ አለ ማለት ነው። በየመጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀባን። በአንዱ ላይ አረፋው ቀስ እያለ ያብጥ ነበር። አየሩን አስወጥተን መጋጠሚያውን ፈታነው፤ ቴፍሎን ጠቅልለንበት አጠበቅነው፤ አረፋው ቆመ። መድፉ ግን እንደ ፊቱ ከሸፈ።

ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። ሌሊቱን ሙሉ ጥቂት አየር ብቻ የሚያጎድል ቀዳዳ በዐይን ጥቅሻ የሚፈጸመውን ሥራ ሊያሰናክል አይችልም። ማፍሰሱ እውነተኛ ጥፋት ነበር፤ መጠገኑም ተገቢ ነበር። የመክሸፉ ምክንያት ግን እሱ አልነበረም። የተገኘውን ጥፋት ሁሉ የተፈለገው ጥፋት አድርጎ መቁጠር ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው።

ሁለተኛው ተከሳሽ ድንቹ ነው። በድንቹ ላይ የሚቀርበው ክስ ከንቱ አይደለም። ልል ከሆነ አየሩ በጎኑ ያመልጣል። እጅግ ከጠበቀ ይጣበቃል። ተቆርጦ የቆየ ከሆነ ደርቆ ይኮማተራል። ከዚህ ሁሉ ክርክር የምንገላገልበት ቀላል መንገድ ነበር፤ ይኸውም ያለ ድንች መሞከር ነው። ቧንቧውን ባዶ ትተን አፈ ሙዙ ላይ አንድ ወረቀት ወጥረን በክር አሰርን። መድፉ ደኅና በሠራ ጊዜ ወረቀቱ ተበጣጥሶ በነነ። በከሸፈ ጊዜ ግን ያው «ሽ...» ተሰማ፤ ወረቀቱ ጥቂት አበጠና በዳር በኩል አየሩን አሾለከው። ድንች በሌለበት ከከሸፈ ድንቹ ነፃ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ድንቹን ሲረግሙ የነበሩት ሰዎች አህያውን ፈርተው ዳውላውን ሲመቱ ኖረዋል።

የቀረው ቫልቩ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነውና።

በቫልቩ ውስጥ የላስቲክ ሽፋን አለ። የታንከሩ አየር በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ከሽፋኑ ጀርባ ይገባና ሽፋኑን ተጭኖ መንገዱን ይዘጋል። ቁልፉ ሲጫን የኤሌክትሪኩ ጥቅል ሽቦ አንዲት ትንሽ የብረት ዘንግ ወደ ላይ ይስባል። ዘንጓ ስትነሣ ከሽፋኑ ጀርባ ያለው አየር መውጫ ያገኛል። የጀርባው ግፊት ሲወድቅ ሽፋኑ ይነሣል፤ ዋናው መንገድም ይከፈታል። አሁን ልብ ይባል። ያችን ዘንግ ተጭኖ የያዛት ስፕሪንጓ ብቻ ሳትሆን የታንከሩ አየር ግፊት ጭምር ነው። ስለዚህ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ዘንጓን ለማንሣት የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል። ጥቅል ሽቦው የተሠራው ለ24 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ የሚመገበው ግን ከአንዲት ያረጀች ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነበር። ባትሪዋ አንድ ቀን ዘንጓን ታነሣለች፤ በማግሥቱ ታቅታለች፤ በሦስተኛው ቀን እየተንቀጠቀጠች ግማሽ መንገድ ታደርሳታለች። «አንዳንዴ ይሠራል፤ አንዳንዴ አይሠራም፤ ጋኔን አለበት» እየተባለ የተወራለት ምሥጢር ይኸው ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ግፊቱን ዝቅ አደረግነው። በ2 ባር ቫልቩ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይከፈት ነበር። በ4 ባር ብዙ ጊዜ እምቢ አለ። እንግዲህ ወገኖቻችን ይፍረዱ! ግፊት ሲጨምር የሚብስ በሽታ አግኝተናል፤ እነሱ ደግሞ ግፊት ጨምሩበት ይሉናል። በሽታውን ራሱን መድኃኒት ብሎ ማዘዝ ከዚህ በላይ ምን አለ?

የመከፈቱ ፍጥነትም የራሱ ጉዳይ አለው። የቧንቧው ስፋት 5 ሴንቲሜትር ከሆነ 4 ባር ድንቹን የሚገፋው የ80 ኪሎ ግራም ክብደት በሚያህል ኃይል ነው። ድንቹ 100 ግራም ያህል ይመዝናል። ግፊቱ ባይወርድና ሰበቃ ባይኖር አንድ ሜትር ተኩሉን የሚጨርሰው በ0.02 ሰከንድ ገደማ ነው። እውነተኛው ጊዜ ከዚህ ይረዝማል፤ ቢረዝምም ከሰከንድ መቶኛ ጥቂቱ ብቻ ነው። እንግዲህ ቫልቩ ቀስ እያለ ቢከፈት ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ትንፋሽ ሰበቃውን እንዳሸነፈ ድንቹ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ቫልቩ ገና ሙሉ ለሙሉ ሳይከፈት ድንቹ ከቧንቧው ወጥቷል። የቀረው አየር የሚነፍሰው በባዶ ቧንቧ ነው። በታንከሩ ውስጥ የፈለገውን ያህል አየር ቢከማች በጊዜው ካልደረሰ ለድንቹ ምኑም አይደለም።

መድኃኒቱ ርካሽ ሆኖ ተገኘ። ጥቅል ሽቦውን አውልቀን በቦታው በየጎሚስታው ቤት አቧራ የሚነፋበትን ባለ ቃታ መንፊያ ገጠምንበት። ቃታው ሲሳብ ከሽፋኑ ጀርባ ያለው አየር በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ሽፋኑም በአንድ ጊዜ ይነሣል። ከዚያ ወዲህ መድፉ አልከሸፈም። እንዲያውም ዛሬ በ2 ባር የሚወረውረው በ4 ባር ይወረውር ከነበረው ይርቃል። አየር አልጨመርንም፤ ቀነስን። ምክንያቱ በተገኘ ጊዜ ግማሹ ጉልበት ትርፍ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ አስፈሪው ነገር እንምጣ፤ ይኸውም የፕላስቲክ ቧንቧውና የ8 ባሩ ሐሳብ ነው። የሐሳቡ ደጋፊዎች በቧንቧው ላይ የታተመውን «ፒ.ኤን. 10» የሚል ጽሑፍ እያሳዩ «10 ባር ይችላል ተብሎ ተጽፎበታል፤ 8 ባር ምን ያደርገዋል?» ይላሉ። ጽሑፉ እውነት ነው። የተጻፈው ግን ለውሃ ነው፤ ለአየር አይደለም። ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በቁጥር እናሳይ።

አምስት ሊትር ውሃ በ8 ባር ግፊት ቢታመቅ ውሃው ራሱ የሚያከማቸው ሥራ ከአንድ ጁል ያነሰ ነው፤ ውሃ አይታመቅምና። ቧንቧው ቢሰነጠቅ ጥቂት ይፈናጠርና ግፊቱ ወዲያው ይጠፋል። አምስት ሊትር አየር ግን፣ ለስሌት እንዲመች የውጭውን አየር 1 ባር ብለን ሙቀቱ ሳይለወጥ ሲሰፋ ብናሰላው፣ በ4 ባር 2,000 ጁል ያህል ያከማቻል። ይህ 20 ኪሎ ጤፍ 10 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ነው። በ8 ባር ደግሞ ወደ 5,900 ጁል ይደርሳል። ልብ በሉ! ግፊቱ እጥፍ ሲሆን የተከማቸው ኃይል ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። ይህም አምስት ሊትር ብቻ ሲሆን ነው፤ እነሱ የሚሹት ታንከር ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነው። ይህ ሁሉ ኃይል የተቀመጠበት ዕቃ ሲሰበር ስለታም ስብርባሪ ሆኖ የሚበተን ፕላስቲክ ነው። ፀሐይ ሲመታው የኖረ ከሆነ ይብሱን ይሰባበራል፤ በብርድም ይደርቃል።

ይህ የእኛ ፍርሃት የወለደው ወሬ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር ፒ.ቪ.ሲ. ቧንቧ ከመሬት በላይ ለታመቀ አየር መዋሉ አደገኛ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1988 በማስጠንቀቂያ አሳውቋል። ብረት እንኳ ቢሆን ያለ ጥንቃቄ ዋስትና አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 በአሜሪካ በዴላዌር ክፍለ ግዛት በተደረገ የዱባ መወርወር ውድድር ላይ ከአንድ ታላቅ የአየር መድፍ የብረት ክፍል ተገንጥሎ ሰዎችን አቁስሏል። እነዚያ ሰዎች ለመዝናናት ነበር የመጡት። የእኛም እንግዶች ለመዝናናት ነው የሚመጡት። በፊተኛው ረድፍ የሚቀመጡት ደግሞ ክቡራን መምህራንና የተማሮች ቤተ ሰቦች ናቸው።

ሌላም የታዘብነው ነገር አለ። በልምምዱ ቀን መድፉ እምቢ ባለ ጊዜ ጥቂቶች ሮጠው ወደ አፈ ሙዙ አጎንብሰው ይመለከቱ ነበር። ወንድሞቻችን ሆይ፤ አየሩ ከታንከሩ ሳይወጣ የከሸፈ መድፍ የተጎረሰ መድፍ ነው! ባትሪዋ በዚያች ቅጽበት ጉልበት ብታገኝ ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው የኀዘን መግለጫ በሆነ ነበር።

ሁለተኛውን ወገን እንመልስ። «የሕፃን ጨዋታ ነው፤ ይጣል» የሚሉን ሰዎች ከ«ጨምሩበት» ባዮች ጋር የተጣሉ ይመስላቸዋል። በእኛ አስተያየት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱ ሳይጠይቅ ይጨምራል፤ ሌላው ሳይጠይቅ ይጥላል። ሁለቱም ምክንያት ከመፈለግ ድካም ይሸሻሉ። ጨዋታ ነው ለሚለውም መልስ አለን። ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የአውሮፕላን መስተዋት በበረራ ላይ ወፍ ቢገጨው ይችል እንደ ሆነ የሚፈተነው የሞተ ዶሮ በአየር መድፍ እየተተኮሰበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1662 ስለ አየር ግፊትና ይዘት የታወቀውን ሕጉን ያሳተመው ሮበርት ቦይልም የተነሣው ከአንድ ቆልማማ የመስተዋት ቱቦና ከጥቂት ሜርኩሪ ነው። በዘመኑ የነበረ አላፊ አግዳሚ ቢያየው ጨዋታ ባለው ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው ምሳሌ የኮሎምቢያ መንኩራኩር ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 2003 ስትነሣ ከነዳጅ ታንከሯ የተገነጠለ አረፋ መሰል መሸፈኛ የግራ ክንፏን መታው። የካቲት 1 ቀን ወደ ምድር ስትመለስ ተበታትና ሰባት ሰዎች ሞቱ። ብዙ ባለሞያዎች ያ ቀላል አረፋ ጠንካራውን የክንፍ ሽፋን ሊበሳ ይችላል ብለው አላመኑም። ክርክሩን የቆረጠው ምን ነበር? የአየር መድፍ! በቴክሳስ በሳን አንቶኒዮ ከተማ በሚገኘው በሳውዝዌስት የምርምር ተቋም ሐምሌ 7 ቀን 2003 በታመቀ ናይትሮጅን የሚሠራ መድፍ ሩብ ጉዳይ ኪሎ የሚያህል አረፋ በሰከንድ ከ230 ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት በእውነተኛ የክንፍ ሽፋን ላይ ተኮሰ። ሽፋኑ 40 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ባለው ቀዳዳ ተበሳ። ከዚያ በኋላ «አይመስለንም» የሚል ቃል ዋጋ አጣ። የእኛ መድፍ ከዚያኛው ጋር የሚያገናኘው አሠራሩ ብቻ ነው፤ ታንከር፣ ቫልቭ፣ ቧንቧ። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ሥልጣንና ጩኸት ያልፈቱትን ጥያቄ በጥንቃቄ የተሠራ ሙከራ ይፈታዋል። ቀድሞ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጥያቄው ሕይወት ባላስከፈለ ነበር።

ሦስተኛው ወገን የሚናገረው ስለ ድኻ ነውና በአክብሮት እንሰማዋለን። መድፉ የሚጎርሰው ድንች የበቀለ፣ ቆዳውም አረንጓዴ የሆነና ከወጥ ቤት የሚጣል ነው። እንዲህ ያለ ድንች ሶላኒን የሚባል መርዝ ስለሚበዛበት ለሰው ቢሰጥ በጎ አድራጎት አይሆንም። ይህ ግን የመልሳችን ትንሹ ክፍል ነው። ስለ ድኻው ካነሣን፣ በየገጠሩ ተበላሽተው የቆሙ የውሃ ፓምፖች እንዳሉ የማያውቅ በመካከላችን አለን? አንዳንዱን ያቆመው አንድ ጓርኒሲዮን ነው፤ አንዳንዱን ያቆመው አንድ የላላ ሽቦ ነው። በፓምፑ አጠገብ ቆሞ «ለምን ቆመ?» ብሎ በትዕግሥት የሚጠይቅ ሰው ስለ ጠፋ ሴቶች እንስራ አዝለው ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ነገ ወደዚያ የምንላከው እኛው ነን። የድንች መድፍ መፈተሽ ያልቻለ መሐንዲስ ፓምፑን ይፈትሻል ብሎ ማን ያምናል? «አዲስ ግዙ» ወይም «ጉልበት ጨምሩ» ብሎ ይመለሳል። ለድኻው የሚያዝን ሁሉ ለዚህ ይዘን።

በመጨረሻ በትሕትና ወደ ክቡራን መምህራኖቻችን እንመለሳለን። ይህ «ጨምሩበት» የሚል ልማድ ከሰማይ አልወረደም። የላቦራቶሪው መመሪያ ውጤቱን አስቀድሞ ይነግራል። ተማሪው የሚደክመው ውጤቱን ለማግኘት ሳይሆን ለማስመሰል ነው። ቁጥሩ ከመጽሐፉ ጋር የገጠመለት ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ያልገጠመለት፣ አለመግጠሙንም በሐቅ ጽፎ ምክንያቱን የመረመረ ነጥብ ይጎድልበታል። እንዲህ ተኮትኩቶ ያደገ ተማሪ ቦይልን በቃሉ ያውቀዋል፤ የሞቀ ታንከር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ የሚወርድ መሆኑን ግን በዐይኑ እያየ «ያፈሳል» ብሎ ይጮኻል። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ ነው ወይ? ፍርዱን ለመምህራኖቻችን ሕሊና እንተዋለን።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን እናቀርባለን፦

1ኛ/ የ8 ባሩና የፕላስቲክ ታንከሩ ሐሳብ ውድቅ ይሁን። መድፉ ለትርኢቱ ከ2 ባር በላይ አይሞላ፤ ከዚያ በላይ ማስፈለጉንም ማንም አላሳየም።

2ኛ/ አሮጌው ታንከር ከትርኢቱ በፊት በውሃ ይፈተን። ከፍተኛው የሥራ ግፊት 4 ባር ከሆነ በውሃ 6 ባር ተሞልቶ ይታይ። የአየር ዕቃ በውሃ የሚፈተነው ቢሰበር ሰው እንዳይጎዳ ነው። ከታች ዝገት ያበላውና ውሃ የቋጠረ መሆኑም ይመርመር፤ ግፊቱን ከልክ እንዳያልፍ የሚያስተነፍስ የደኅንነት ቫልቭም ይገጠምበት።

3ኛ/ መድፉ በከሸፈ ጊዜ በመጀመሪያ አየሩ ይውጣ፤ የመለኪያው ቀስት ዜሮ ላይ ሳይደርስ ማንም አይቅረበው። በአፈ ሙዙ ፊት መቆም በማናቸውም ጊዜ የተከለከለ ይሁን። ተመልካች ከኋላ፣ በርቀት ይቁም፤ ድምፁ ሰው እንዳያስደነግጥም ለግቢው ጥበቃ አስቀድሞ ይነገር።

4ኛ/ በየመንፈቀ ዓመቱ ቢያንስ አንድ የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ ሆን ተብሎ ለተበላሸ መሣሪያ እንዲሰጥና፣ ነጥቡ የሚሰጠውም ምክንያቱን ላገኘና ምክንያቱን እንዴት እንዳገኘ በግልጽ ለጻፈ እንዲሆን መምህራንን እንለምን።

የ«አየር ጨምሩበት» ፊርማ ያሰባሰቡ ወንድሞቻችንን ጠላቶቻችን አድርገን አናያቸውም። ከእኛ ጋር በአንድ አዳራሽ ይመገባሉ፤ በአንድ ወንበር ይማራሉ። ከስብሰባው በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ዎርክሾፑ ይምጡ። የወለቀው ጥቅል ሽቦ፣ ያረጀችው ባትሪና ምልክት የተደረገበት መለኪያ በጠረጴዛው ላይ ይቆዩዋቸዋል። አሮጌውን ቫልቭ በገዛ እጃቸው መልሰው ይግጠሙት፤ በ2 ባርና በ4 ባር ይሞክሩት። እኛ የተናገርነው ሐሰት ሆኖ ካገኙት በስብሰባው ላይ በፊታችን ይንገሩን። እውነት ሆኖ ካገኙት ግን ፊርማቸውን ያንሡ፤ ሌላም የሚከሽፍ ነገር ባገኙ ጊዜ ከመጩኸታቸው በፊት ይጠይቁ።

የዎርክሾፕ ክበብ አባላት